ለ20 ደቂቃ የተከፈተ ጌም ሌሊቱን ለምን ይወስዳል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 37 ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ 4 ሰዓት ገደማ፣ ለ20 ደቂቃ አእምሮዬን ላሳርፍ ብዬ ኮምፒውተር ላይ ሲቪላይዜሽን የሚባለውን በየተራ እየተጫወቱ መንግሥት የሚገነቡበትን ጌም እከፍታለሁ። ቀና ስል ሌሊት 8 ሰዓት ሆኗል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን እንዲህ ነኝ። ከሥራ አልቀርም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ፈዝዤ እውላለሁ፣ ባለቤቴም ተቀይማለች። አላርም ሞልቼ ሞክሬ ነበር፤ ሲጮህ አጥፍቼው እቀጥላለሁ። ‹ዶፓሚን ጾም› የሚባለውን፣ ደስታ ከሚሰጡ ነገሮች ለጊዜው መራቅን፣ ሰምቼ ጌሙን ለሁለት ሳምንት ከኮምፒውተሬ አጠፋሁት፤ መልሼ በጫንኩበት ሌሊት እስከ 10 ሰዓት ተጫወትኩ። ሱሰኛ ሆኛለሁ? አእምሮዬ ተጎድቶ ይሆን? ወይስ በቃ ሰነፍ ነኝ? የ12 ዓመት ልጄም ስልክ ላይ ‹አምስት ደቂቃ ብቻ› ማለት ጀምሯል።»

ምላሽ፦

ስንፍና አይደለም። አራት ሰዓት ሙሉ ከተማ መቆርቆር፣ ጦር ማሰለፍ፣ የግምጃ ቤት ሒሳብ ማመዛዘን ከባድ የአእምሮ ሥራ ነው። ችግሩ ሥራው ማለቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ «ራሴን መግዛት ለምን አቃተኝ?» የሚለውን ለጊዜው ያቆዩትና ሌላ ጥያቄ ያንሡ፦ ይህ ጌም «በቃ፣ እዚህ ላይ ተነሥ» የሚለኝ የት ላይ ነው? መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፤ ፊልም ያልቃል፤ ኳስ ጨዋታ ፊሽካ ይነፋበታል። እርስዎ የሚጫወቱት ጌም ይህ የለውም። ሌሊትዎን የሚወስደው ይህ ጉድለት ነው፤ መፍትሔውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በቁጥር እንየው። ሲቪላይዜሽን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2016 የወጣው ስድስተኛው እትም በመደበኛው ፍጥነት እስከ 500 ተራ ይሄዳል። አንዱን ተራ በአንድ ደቂቃ ቢጨርሱት እንኳ ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ አንዱ ተራ ብቻውን አምስት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። እርስዎ ወደዚህ የሚቀርቡት 20 ደቂቃ ይዘው ነው። ዕቅዱ ገና ሲወጣ ከጌሙ ልክ ጋር አይገጥምም ነበር።

ርዝመቱ ብቻውን ግን ሰውን አስሮ አያስቀምጥም። የሚያስረው የሥራዎቹ አደራረብ ነው። ተራ 112 ላይ ነዎት እንበል። አንዷ ከተማ ቤተ መጻሕፍቷን ለመጨረስ 3 ተራ ቀርቷታል። አዲስ ከተማ እንዲቆረቁሩ የላኳቸው ሰፋሪዎች ወንዙ ዳር ለመድረስ 2 ተራ ይቀራቸዋል። የያዙት ምርምር 4 ተራ፣ ዋና ከተማዎ የጀመረችው ድንቅ ሕንፃ 7 ተራ ይቀረዋል። ጎረቤት ንጉሥ ድንበር ላይ ጦር እያከማቸ ነው፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሁለት ተራ ተጫወቱ፤ ሰፋሪዎቹ ደረሱ። ያሰቡት ይህንኑ ለማየት ነበር። አሁን ግን ቤተ መጻሕፍቱ 1 ተራ ብቻ ነው የቀረው። እሱን ይጨርሳሉ፤ ያኔ ምርምሩ 1 ተራ ይቀረዋል። እሱንም ይጨርሳሉ፤ አዲስ ዓይነት ወታደር ተከፈተልዎ፣ ድንቁ ሕንፃ 3 ተራ ቀረው፣ አዲሷ ከተማ ደግሞ የመጀመሪያ ሥራዋን ጀምራለች። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ሊያልቅ የተቃረበ ነው። ሁሉም አንድ ላይ የሚያልቁበት ተራ አይመጣም፤ የቀረው ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ ዓይንዎ ሥር ተጽፎ ይታያል።

አንድ ሌሊት ይህን በራሴ ላይ ፈትኜዋለሁ። ወረቀትና እርሳስ አጠገቤ አድርጌ በየተራው መጨረሻ «አሁን ብነሣ ደስ ይለኛል?» ብዬ እየጠየቅሁ አዎ ወይም አይ እጽፍ ነበር። ከ40 ተራ በኋላ ወረቀቱ ላይ አንድም አዎ አልነበረም። በየ«አይ»ው ጎን የጻፍኩት ምክንያት ግን ይለያያል፦ «ድልድዩ ሊያልቅ ነው»፣ «መልእክተኛው ምን ይል ይሆን»፣ «ከተማዋ ልትያዝ ነው»። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ እውነት ነው፣ ትንሽም ነው። በ40 ተራ ውስጥ ግን ለራሴ የዋሸሁበትን ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም። ታካሚዎቼ «ራሴን አታለልኩ» እያሉ ሲወቅሱ ይህን ወረቀት አስታውሳለሁ። በየደረጃው ትክክል እየወሰኑ ሌሊቱን ሊያጡ ይችላሉ።

ከዚህ ጀርባ የቆየ የሥነ ልቦና ዕውቀት አለ። በ1920ዎቹ በበርሊን የሥነ ልቦና ሊቁ የኩርት ሌቪን ተማሪዎች ሰዎችን ሥራ አስጀምረው መሀል ላይ ያቋርጧቸው ነበር። ብሉማ ዘይጋርኒክ በ1927 የተቋረጠ ሥራ ካለቀው ይልቅ በተሻለ እንደሚታወስ ጻፈች፤ ማሪያ ኦቭሲያንኪና በ1928 ሰዎች ማንም ሳያዛቸው ወደተቋረጠው ሥራ እንደሚመለሱ አሳየች። የማስታወሱ ውጤት በኋላ ሲደገም አንዴ ታየ፣ አንዴ ጠፋ፤ ብዙ ሰው የሚጠቅሰውም ይህንኑ ደካማውን ነው። የመመለሱ ዝንባሌ ግን ጸንቶ ቆይቷል። እርስዎን የሚመለከተውም እሱ ነው፦ የተጀመረ ነገር ይጎትታል፤ ሲቪላይዜሽን ደግሞ በአንድ ጊዜ አሥር የተጀመረ ነገር ያሸክምዎታል።

ሰዓቱ የት ሄደ ላሉት፣ ጊዜን ማስተዋል ራሱ ትኩረት ይፈልጋል። ወረፋ የያዘ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ሰዓቱ ላይ ስለሆነ አሥር ደቂቃ ይረዝምበታል። ሐሳቡን በሙሉ ሌላ ነገር ሲይዘው ደቂቃውን የሚቆጥርለት የለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ በሠዓሊዎች፣ በተራራ ወጪዎችና በቼዝ ተጫዋቾች ላይ ያጠናው በሥራ የመመሰጥ ሁኔታ አንዱ ምልክቱ ይህ ነው፦ ግቡ ግልጽ፣ ምላሹ ፈጣን፣ ክብደቱ ከችሎታ ጋር የተመጣጠነ ሲሆን ጊዜ ይጠፋል። በሽታ አይደለም፤ ሰው በሕይወቱ ከሚያገኛቸው መልካም ነገሮች አንዱ ነው። ጌሙ መላውን ስክሪን ሞልቶ የኮምፒውተሩን ሰዓት ሲሸፍን ግን ዋጋው ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ዶፓሚን፣ የአእምሮ ሕዋሳት መልእክት ወደሚያስተላልፉበት ንጥረ ነገር። በዚህ ላይ የሚነገረው አብዛኛው ስሕተት ነው፤ ጉዳቱም ሰውን አላስፈላጊ ፍርሃት ውስጥ ማስገባቱ ነው። ዶፓሚን ተጠራቅሞ የሚያልቅ ወይም በጌም «የሚቃጠል» የደስታ ፈሳሽ አይደለም። ቮልፍራም ሹልትስና ባልደረቦቹ በ1997 እንዳሳዩት፣ የዶፓሚን ሕዋሳት ዋነኛ መልእክት በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት ነው፦ ካሰብከው የተሻለ መጣ፣ የከፋ መጣ። ማስተማሪያ ምልክት ነው ማለት ነው። በ1998 ለንደን ውስጥ ስምንት ወንዶች ታንክ የሚነዱበትን ጌም ሲጫወቱ አእምሯቸው በምስል ታይቶ ዶፓሚን መለቀቁ ተረጋግጧል። ይህ በየቦታው የጉዳት ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል፤ ጥናቱ ግን ያሳየው ሰው የሚያጓጓ ሥራ ሲሠራ ዶፓሚን እንደሚለቀቅ ብቻ ነው። ስለዚህ አእምሮዎ ተጎድቷል የሚያሰኝ ነገር በጻፉልኝ ውስጥ አላየሁም። ፍዘቱ የእንቅልፍ ዕጦት ነው፤ ሌሊት 8 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት የሚነሣ ማንም ሰው እንዲሁ ይፈዛል።

ዶፓሚንን መጾም አይቻልም። ሁለት ሳምንት ያደረጉት ጌም መተው ነው፤ በራሱ ክፉ አይደለም። ያልሠራበት ምክንያትም ቀላል ነው፦ በ15ኛው ቀን የተመለሱት ወደዚያው ጌም፣ ወደዚያው ሰዓት፣ ወደዚያው ወንበር ነው። የተለወጠ ነገር አልነበረም። እስከ 10 ሰዓት መቆየትዎም የባሰብዎ ምልክት ሳይሆን ለሁለት ሳምንት የተናፈቀ ነገር የፈጠረው ነው።

አላርሙም በዚሁ መንገድ ከሽፏል። አላርም ሊነግር የሚችለው ሰዓት ስንት እንደሆነ ነው፤ እርስዎ ግን ያጡት መቆሚያ ነው። የሚጮኸው ድንቁ ሕንፃ 2 ተራ ሲቀረው ነው። በዚያች ቅጽበት «ልቁም ወይስ ልቀጥል» ብለው እንደ አዲስ እንዲወስኑ ይገደዳሉ፤ ፍላጎቱ በጣም በጋለበት፣ እርስዎም በጣም በደከሙበት ሰዓት። አንድ ጊዜ አጥፍተው ከቀጠሉ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚጠራዎ ነገር አይኖርም። ውሳኔው ልብ ሳይሞቅ፣ ጌሙ ከመከፈቱ በፊት ማለቅ ነበረበት።

ሱስ ነው ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት «የጌም መታወክ» የሚለውን በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው አካቶታል፤ ምደባው ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። መመዘኛው የሰዓት ብዛት አይደለም። ሦስት ነገሮች አብረው መኖር አለባቸው፦ መቆጣጠር ማቃት፣ ጌሙ ከሌሎች የሕይወት ጉዳዮች ሁሉ እየቀደመ መሄዱ፣ ጉዳት እያደረሰም መቀጠሉ። ይህም በቤተሰብ፣ በሥራ፣ በትምህርት ወይም በጤና ላይ ከባድ መዛባት ማስከተልና በተለምዶ 12 ወር ያህል መቆየት ይኖርበታል። ከርቀት ሆኜ ምርመራ አላደርግም። ከጻፉልኝ ግን የመጀመሪያው በከፊል አለ፤ ሦስተኛው በእንቅልፍና በትዳር በኩል ጀማምሮታል፤ ሁለተኛው አይታየኝም። ሥራዎን አልተዉም፣ ልጅዎን ሳያስተኙ አይከፍቱም። «ሱሰኛ ነኝ» የሚለውን ስም ለራስዎ አይስጡ፤ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ለመሞከር ያለውን አቅም ያጣበታል። ጉዳዩን ማቃለልም ግን አይገባም፤ በሳምንት ሦስት አራት ሌሊት የሚጎድል እንቅልፍ ጤናን ይነካል፣ መኪና ለሚነዳ ሰው ደግሞ አደጋ ነው።

«ታዲያ ጌም ልቀይር?» ማለትዎ አይቀርም። ይቻላል፤ ሲመርጡ ግን አንዱ ዙር ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብቻ ብለው አይጠይቁ። ቴትሪስ ከ1984 ጀምሮ አጭር ጌም ነው፤ አንዱ ዙር በደቂቃዎች ያልቃል። ግን ሲሸነፉ ጥፋቱ የራስዎ መሆኑን ያውቃሉ፣ የት እንደተሳሳቱ አይተዋል፣ እንደገና ለመጀመርም አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። በ2024 የወጣው ባላትሮ የተባለው የካርድ ጌምም እንዲሁ ነው፤ በየዙሩ ካርዱ ስለሚለዋወጥ ቀጣዩ ዙር ምን ያመጣ ይሆን የሚለው ጉጉት ሽንፈቱን ያስረሳል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚሰጥ የኦንላይን ቼዝ ብዙ ሰው እስኪነጋ አስቀምጧል። ካንዲ ክራሽ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል፦ አምስቱ ነፍሶች ሲያልቁ ራሱ ያስቆምዎታል፣ አንዷ ነፍስ ለመመለስ 30 ደቂቃ ትወስዳለች። መቆሚያ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀጠሮ ነው። ሌሊትዎን አይወስድ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ግን ስልኩን እንዲያነሡ ያደርጋል። የዕለት ሽልማት የሚሰጡትም፣ «ዛሬ ካልገባህ ይቀርብሃል» የሚሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ስለዚህ ለሥራ ቀን ማታ የሚሆን ጌም ሲመርጡ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፦ ሲያልቅ ወዲያው እንደገና ለመጀመር ያስችላል? የማያስችል ከሆነ ጥሩ ነው። በቀን አንድ ብቻ የሚሰጥ የቃላት ወይም የቁጥር እንቆቅልሽ፣ በቀን አንድ እርምጃ እየተላላኩ የሚጫወቱት ቼዝ፣ ምዕራፍ ያለው የታሪክ ጌም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

አሁን የምመክርዎትን ልንገርዎ፤ ሳያሻሽሉ እንዲይዙት እለምንዎታለሁ። ሲቪላይዜሽንን በማግሥቱ ሥራ በሚገቡበት ማታ በጭራሽ አይክፈቱ። ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ይሁን። «ትንሽ ብቻ» የሚል ልዩ ፈቃድ አይኑረው፤ ከጌሙ ባሕርይ አንጻር ትንሽ ሲቪላይዜሽን የሚባል ነገር የለም። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ለሚወዱት ጌም የሚበቃውን ሰዓት መስጠት ነው። ዓርብ ማታ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ያለ ጸጸት፣ ባለቤትዎም እያወቁ መጫወት ከአራት የተሰረቁ ሌሊቶች ይበልጣል።

በነዚያ ሁለት ማታዎች ደግሞ መቆሚያውን በደቂቃ ሳይሆን በተራ ይወስኑት። የተራው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይታያል። ሲከፍቱ 112 ከሆነ፣ 60 ተራ እጫወታለሁ ካሉ፣ 172 ብለው ወረቀት ላይ በትልቁ ይጻፉና ከስክሪኑ ሥር ይለጥፉት። ቁጥሩን ለባለቤትዎ ይንገሯቸው፤ እንዲቆጣጠሩዎ ሳይሆን መቼ እንደሚነሡ እንዲያውቁ። «ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ» ሲባል የሚጠብቅ ሰው ይቀየማል። ፒተር ጎልቪትሰር በ1990ዎቹ ያጠናው «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ «እሞክራለሁ» ከሚለው የሚበረታው ውሳኔውን አስቀድሞ ስለሚጨርሰው ነው፦ 172 ሲሆን እነሣለሁ።

ቀጥሎ ያለው ነገር ብዙዎች ከሚሰጡት ምክር ተቃራኒ ነው። «ጥሩ ቦታ ላይ አቁም» ይባላል። አያድርጉት። በዚህ ጌም ጥሩ ቦታ የለም፤ ጥሩ ቦታ ፍለጋ ራሱ ነው ሌሊቱን የሚፈጀው። ያሰቡት ቁጥር ላይ ሲደርሱ ጦርነት መሀልም ቢሆን ያቁሙ፤ ጌሙ ሴቭ ይደረጋል፣ ምንም አይጠፋም። ከመነሣትዎ በፊት ግን ሁለት ደቂቃ ወስደው በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ በወረቀት ይጻፉ፦ «ሰሜኑን ከተማ በቀስተኞች ማጠር፤ ከምሥራቁ ንጉሥ ጋር እርቅ፤ ወደቡን መጨረስ»። ማሲካምፖና ባውማይስተር በ2011 ባወጡት ሥራ፣ ያልተፈጸመ ግብ በሐሳብ እየተመላለሰ ማስቸገሩን እንዲያቆም ግቡን መፈጸም የግድ እንዳልሆነና ዝርዝር ዕቅድ ማውጣቱ እንደሚበቃ አሳይተዋል። አልጋ ላይ ሆኖ ስለ ቀስተኞች ማሰብ ለሚያውቅ ሰው ይህች ወረቀት ትልቅ ነገር ናት። ለብዙ ሰዎች ሰጥቼያታለሁ፤ ካሉኝ ምክሮች ሁሉ አምነው የሚይዟት እሷን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከጌሙ በፊት ይሁን። ጥርስ መቦረሽ፣ ልብስ መቀየር፣ ዕቃ ማጠብ፣ በር መቆለፍ፣ ለነገ ቦርሳ ማዘጋጀት፤ ሁሉም ከመክፈትዎ በፊት ይለቁ። ፍሎር ክሩዘና ባልደረቦቿ በ2014 ስም የሰጡት ያለምክንያት መኝታን የማዘግየት ልማድ አለ፤ በሥራዬ እንደማየው ሰው የሚሸሸው አልጋውን አይደለም፣ ከአልጋው በፊት የተደረደረውን ጣጣ ነው። ከጌሙ ወደ አልጋ ያለው መንገድ አምስት ሥራ ካለበት ሌላ አንድ ተራ መጫወት ይቀላል። ኮምፒውተሩን ማጥፋት ብቻ ከቀረ ግን መነሣቱ ይቀላል።

በራሱ ሰዓት ኮምፒውተሩን የሚያጠፋ ፕሮግራም ልጫን ካሉ፣ እንደ መጨረሻ አጥር ጥሩ ነው፤ ዋናው መፍትሔ ግን አያድርጉት። ያጠፋል ብለው ካሰቡት ሰዓት 15 ደቂቃ ቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያድርጉት፤ የሚቀጥለውን ዕቅድ ሳይጽፉ ድንገት የሚዘጋ ጌም ቁጭትና «አንዴ ልክፈተው» ያመጣል። የይለፍ ቃሉን ባለቤትዎ ይያዙት የሚለውን ምክር ግን አልደግፈውም። ባልና ሚስትን ወደ ጠባቂና ታሳሪ ይለውጣል፤ ቅያሜው በዚያ ላይ ሲደመር ከጌሙ የባሰ ይሆናል።

ስለ ልጅዎ። ምን ዓይነት ጌም እንደሚጫወት አልነገሩኝም፤ መጀመሪያ ያንን ይወቁ፤ አጠገቡ ቁጭ ብለው አንድ ጊዜ ሲጫወት ይዩ። እንደ ፐብጂ ያለ ብዙ ሰው በአንድ ላይ የሚፋለምበት ከሆነ አንድ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል፤ በቡድን ከሆነም መሀል ላይ ሲወጣ ጓደኞቹን ይጎዳል። «አምስት ደቂቃ» ሲልዎ ምናልባት እውነቱን ነው፤ እርስዎ ስልኩን ከእጁ ሲነጥቁ እሱ የሚያየው ጓደኞቹን መክዳቱን ነው። ስለዚህ «ስንት ደቂቃ?» ብለው አይደራደሩ፤ «ስንት ጨዋታ?» ይበሉ፤ የመጨረሻው ጨዋታ የሚጀመርበት ሰዓትም ይታወቅ፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አዲስ ጨዋታ አይጀመርም፤ የተጀመረው ግን ይጨረሳል። በገንዘብ የሚገዛ ውስጡ የማይታወቅ ሣጥን ካለበት ግን ጥንቃቄው ሌላ ነው። ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያሉትን የሚከፈልባቸው የዕድል ሣጥኖች ቁማር ናቸው ብላለች፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። የክፍያ መንገዱን ከስልኩ ላይ ዛሬውኑ ያንሡት።

ሰዓት ገደብ ብቻውን ይፈታዋል ብለው ተስፋ አያድርጉ። ቻይና በ2019 ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ገድባ፣ በ2021 ደግሞ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን ማታ አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ፈቅዳለች። በ2019ኙ ገደብ ላይ የተደረገና በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት ግን ብዙ የሚጫወቱ ሰዎች ቁጥር ለመቀነሱ ማስረጃ አላገኘም። ደቡብ ኮሪያም ከ2011 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚከለክለውን ሕጓን ከአሥር ዓመት በኋላ ሽራዋለች። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው፦ ደንቡ የሚሠራው ጌሙ እንዴት እንደሚሄድ በሚያውቅ ሰው ሲወጣ ነው።

የዚህ ሁሉ ወሰን የት እንደሆነም ልንገርዎ። የምለው የሚሠራው ጌሙ እየጎተተዎ ከሆነ ነው። ከኋላ የሚገፋ ነገር ካለ አይሠራም። ከባለቤትዎ ጋር ብቻዎን መቀመጥ ከብዶዎ፣ የሥራ ጭንቀት እንቅልፍ ነሥቶዎ፣ ወይም ደስ የሚልዎ ነገር ሁሉ ጠፍቶ ጌሙ ብቻ ቀርቶ ከሆነ መቆሚያው ቢበጅ ሌላ መሸሻ ይፈልጋሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ሳይጫወቱ በቀሩበት ማታ ምን ይሰማዎታል? መሰልቸትና ትንሽ ናፍቆት ከሆነ ደህና ነው። ባዶነት፣ ድንጋጤ፣ ወይም ከራስ ጋር መሆን አለመቻል ከሆነ ግን ጌሙን ትተው ስለዚያ ስሜት ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ። ሥራ መቅረት፣ ስለ ሰዓቱ ለቤተሰብ መዋሸት፣ ያልታሰበ ገንዘብ ማውጣት ከመጣም ሳይዘገዩ ይሂዱ።

ለአራት ሳምንት ይሞክሩት። በእነዚህ ሳምንታት ከጻፉት ቁጥር አንዴ ሁለቴ ቢያልፉ ወድቄያለሁ አይበሉ፤ ቁጥሩን ስንት ላይ እንዳለፉትና በዚያች ተራ ምን ሊያልቅ እንደነበር ብቻ ይጻፉ። ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ካለፉት ግን ይህ ጌም አሁን ላለዎት ኑሮ አይሆንም ማለት ነው፤ ያኔ ከኮምፒውተሩ ያንሡትና ምዕራፍ ያለው ጌም ይተኩበት። እስከዚያው የፊታችን ዓርብ፣ ዕቃው ከታጠበና ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ ጌሙን ሲከፍቱ ምንም ነገር ሳይነኩ በፊት የተራውን ቁጥር ይዩና የሚነሡበትን ይጻፉ።